ከመስታወት ቤት እስከ ታላቁ ጋራዥ
በገዛ ግቢያቸው አውቶሞቢል የሠሩ ሰዎች የሥራ ቤት ታሪክ

የአውቶሞቢል ታሪክ ሲወሳ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ስለ ሞተሩ፣ ስለ ፋብሪካውና ስለ ባለፋብሪካው ነው። መኪናው ከመሠራቱ በፊት መሥሪያ ቤት እንዳስፈለገው፣ ያም ቤት ወለል፣ ጣሪያና በር እንደነበረው፣ የበሩ ስፋትና የጣሪያው ቁመት በሚሠራው ነገር ላይ የራሳቸውን ምልክት እንደሚተዉ የሚያስታውስ ጸሐፊ ጥቂት ነው። በተለይም ለእንጀራው ሳይሆን ለፍቅሩ ሲል፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ፣ በገዛ ግቢው መኪና ሲፈታና ሲገጥም የኖረው ሰው የሥራ ቤት በመሐንዲሶች ዘንድ እንኳ እንደ ቁም ነገር ሲቆጠር አይታይም። ይሁንና ከታላላቆቹ ፋብሪካዎች አንዳንዶቹ የተወለዱት ከዚህ ዓይነቱ ቤት ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቃሉ ራሱ አንድ ነገር ይነግረናል። «ጋራዥ» ከፈረንሳይኛው «ጋሬ» ከሚለው ግሥ የመጣ ሲሆን ትርጉሙም ከመንገድ አግልሎ በመጠለያ ማኖር ማለት ነው። ወደ አማርኛ ከነድምፁ ቢገባም በእኛ ዘንድ በይበልጥ የሚታወቀው መኪና የሚጠገንበት ቦታ ሆኖ ነው፤ በትውልድ አገሩ ግን አስቀድሞ ማደሪያ፣ ከዚያም መጠገኛ ነበር። በሁለቱ ትርጉሞች መካከል ያለው ጠብ እስከ ዛሬ አልበረደም። ማደሪያ የሚፈልገው የመኪናውን ስፋትና የአንድ ሰው መተላለፊያ ብቻ ነው። መሥሪያ ግን መኪናው ተበታትኖ በአራት ማዕዘን የሚዘረጋበትን፣ በዙሪያውም ሰው፣ ሞርሳና ቶርኖ የሚቆሙበትን ስፋት ይጠይቃል። ለማደሪያ ተብሎ በተሠራ ቤት ውስጥ መሥሪያ ለማቋቋም የሚደረገው ትግል የዚህ ታሪክ ዋና ጉዳይ ነው ማለት ይቻላል።

ጎትሊብ ዳይምለር በ1882 ከዶይትስ የሞተር ፋብሪካ ተለይቶ በሽቱትጋርት አጠገብ ባለችው በካንሽታት ከተማ ግቢው ሰፊ የሆነ ቤት ገዛ። በአትክልቱ ቦታ ለአበባ ማሞቂያ የተሠራ የመስታወት ቤት ነበረ። ዳይምለር ይህንኑ ቤት በጡብ አስቀጥሎ የሥራ ቤት አደረገውና ከባልንጀራው ከቪልሄልም ማይባህ ጋር ሌት ተቀን ይሠራበት ጀመር። ሁለቱ ሰዎች የሚሠሩትን ለማንም አይናገሩም፤ በሩም ዘወትር የተዘጋ ነበር። ነገሩ ያላማረው የቤቱ አትክልተኛ «እነዚህ ሰዎች ሐሰተኛ ገንዘብ ሳይሠሩ አይቀሩም» ብሎ ለፖሊስ አመለከተ። ፖሊሶችም ባለቤቱ በሌለበት ገብተው ቢፈትሹ ከመሣሪያና ከሞተር ክፍል በቀር ያገኙት ነገር አልነበረም። በ1885 ሞተር የተገጠመላት ባለ ሁለት ጎማ የእንጨት መንኮራኩር የወጣችው ከዚሁ የአበባ ቤት ነው። ወደ ሌላ ሰፊ ቦታ የተዛወሩት በ1887 ነበር።

የአትክልተኛው ጥርጣሬ ለሣቅ የሚነገር ቢሆንም በውስጡ ቁም ነገር አለ። የግል የሥራ ቤት ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ከጎረቤት ዓይንና ጆሮ ጋር ተጣልቶ የኖረ ነው። በመኖሪያ ሰፈር መካከል በሌሊት የሚሰማ የብረት ድምፅ ያለ ጥያቄ የታለፈበት አገር እምብዛም የለም። ዛሬም ቢሆን ትልቅ ጋራዥ በግቢው ሊሠራ ያሰበ ሰው አስቀድሞ የሚገጥመው የማዘጋጃ ቤቱ ደንብና የጎረቤቱ ፊት ነው።

ስለ ሄንሪ ፎርድ የሥራ ቤት ብዙ የተባለ ቢሆንም አንድ ጊዜ እንደገና መመልከቱ አይከፋም፤ ምክንያቱም ታሪኩ ሲነገር የሚዘለለው ክፍል ከሚነገረው ክፍል ይልቅ ለባለሙያ ይጠቅማል። ፎርድ በዲትሮይት ከተማ የኤዲሰን የኤሌክትሪክ ኩባንያ ዋና መሐንዲስ በነበረበት ዘመን በ1893 መጨረሻ በባግሊ ጎዳና ቁጥር 58 ተከራየ። በገና ዋዜማ የመጀመሪያዋን አነስተኛ ሞተሩን በማድቤት የውኃ ገንዳ ላይ አሥሮ አስነሣት። የሞተሯ ሲሊንደር ከጋዝ ቧንቧ ቁራጭ የተሠራ ነበር፤ የእሳቱን ብልጭታ ያገኘው ከቤቱ የመብራት መሥመር ሲሆን ቤንዚኑን በጠብታ ታንጠባጥብ የነበረችው ባለቤቱ ክላራ ነበረች። ገና ሁለት ወር ያልሞላው ልጃቸው ኤድሰል በአጠገባቸው ባለው ክፍል ተኝቶ ነበር። በዘመናችን የደኅንነት መመዘኛ ይህ ከእብደት የሚቆጠር ነው። ሞተሯ ተነሥታ ጥቂት ከሠራች በኋላ ፎርድ ሥራውን ከቤቱ በስተጀርባ ወደነበረው የጡብ መጋዘን አዛወረ።

መጋዘኑ የከሰልና የማገዶ ማኖሪያ ሆኖ ለሁለት ተከራዮች የተከፈለ ነበር። በሌላኛው ወገን ይኖር የነበረው አዛውንት ጎረቤት በፎርድ ሥራ ተደንቆ የራሱን ከሰልና እንጨት አውጥቶ ግማሹን ክፍል ለቀቀለት። በዚህ ዓይነት የሥራ ቤቱ ስፋት በአንድ ጊዜ እጥፍ ሆነ። ከዚህም ሌላ ፎርድ የኤሌክትሪክ ኩባንያው የማሽን ክፍል እንዲሁም በሙያቸው የታወቁ ጓደኞች ነበሩት። በመጋቢት 1896 በዲትሮይት ጎዳናዎች ላይ በሞተር የሚሄድ ሠረገላ አስቀድሞ የነዳው ቻርልስ ኪንግ እንኳ ተፎካካሪ ሳይሆን ረዳት ሆኖት ነበር። ስለዚህ «አንድ ሰው ብቻውን በአንዲት ጎጆ ውስጥ ዓለምን ለወጠ» የሚለው አባባል ለመስማት የሚጥም ይሁን እንጂ እውነቱን አይገልጽም። ጎጆዋ የምትሠራው ዙሪያዋን ሌላ ነገር ስላለ ነበር።

ሰኔ 4 ቀን 1896 ሊነጋጋ ሲል ባለ አራት ጎማዋ መኪና አለቀች። ክብደቷ 227 ኪሎ ግራም ያህል ነበር። ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተሯ ወደ 4 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል፤ ካምቢዮዋ ሁለት ማርሽ ቢኖረውም የኋላ ማርሽ የለውም። ሊያወጧት ሲሉ ግን የመጋዘኑ በር ከመኪናዋ ጠበበ። ወራት ሙሉ በእጁ ሲለካና ሲቆርጥ የኖረ መሐንዲስ የበሩን ስፋት መለካት ረስቶ ነበር። ፎርድ መጥረቢያ አንሥቶ የበሩን ፍሬምና የግድግዳውን ጡብ አፈረሰ፤ ረዳቱ በብስክሌት ፊት ፊት እየሄደ መንገድ ሲያስለቅቅለት መኪናዋ ወጣች። ባለቤቱ በማግሥቱ መጥቶ ግድግዳው መፍረሱን ሲያይ እንደተቆጣ፣ መኪናዋን ካየ በኋላ ግን ቀዳዳው እንዳይደፈን፣ ይልቁንም ሰፊ በር እንዲሆን እንደፈቀደ ይነገራል። ፎርድ መኪናዋን በ200 ዶላር ሸጦ የሚቀጥለውን ሥራ ጀመረ፤ በ1904 ደግሞ በ65 ዶላር መልሶ ገዛት።

መጋዘኑ በነበረበት ቦታ ላይ በ1926 ሚቺጋን የተባለ ታላቅ ቴአትር ቤት ተሠራ። ዘመን ተለውጦ ቴአትሩ ሲከስር ከአጠገቡ ያለው የቢሮ ሕንፃ ተከራዮች የመኪና ማቆሚያ ይጠይቁ ጀመር። የሕንፃው አካል ከቴአትሩ ጋር የተያያዘ ስለነበር አፍርሶ መጣሉ አደጋ ሆነ፤ ስለዚህ በ1970ዎቹ ውስጡ ብቻ ተጠርጎ ባለ ፎቅ የመኪና ማቆሚያ ተደረገበት። መኪኖች በወርቅ ቀለም በተቀባ የጂፕስ ጌጥ ጣሪያ ሥር ተደርድረው ይታያሉ።

የበሩ ነገር ለብዙ ዓመታት ችግር ሆኖ ቆየ። የመጀመሪያዎቹ የመኪና ቤቶች የፈረስ ጋጣዎች ስለነበሩ በሮቻቸው ወደ ውጭ የሚከፈቱ ከባድ የእንጨት መዝጊያዎች ነበሩ፤ በረዶ በሚከመርበት አገር መዝጊያውን ለመክፈት አስቀድሞ አካፋ መያዝ ያስፈልጋል። ጆንሰን የተባለ አሜሪካዊ በ1921 ተጣጥፎ ወደ ላይ የሚወጣ በር ሠራ፤ ትንሽ ናሙናውንም በመኪናው ኋላ አስሮ አገር ለአገር እየዞረ አሳየ። በ1926 ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚከፈተውን አስከተለ። ይህ በር ለማደሪያ ታላቅ ምቾት ሰጠ። ለመሥሪያ ግን አዲስ ጣጣ አመጣ፤ በሩ ሲከፈት ሐዲዱና ሳንቃው በጣሪያው ሥር የሚጋደሙ በመሆናቸው መኪና ወደ ላይ ሊነሣበት የሚገባውን ባዶ ቦታ ወሰዱት።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በእንግሊዝ አገር የተደረገው ደግሞ የጠባብ ቤት ታሪክ ነው። የእንግሊዝ ተራ ጋራዥ ስፋቱ 2.4 ሜትር፣ ርዝመቱ 5 ሜትር ያህል ሲሆን ብዙ ጊዜ ከመኖሪያው ርቆ በረድፍ ከተሠሩት አንዱ ነበር። በዚህ ውስጥ ሊፈታና ሊገጠም የሚችል መኪና ቢኖር ኦስቲን ሰቨን ነው። ከ1922 እስከ 1939 ድረስ ወደ 290,000 የሚጠጋ የተሠራ ሲሆን ሞተሩ 747 ሲ.ሲ.፣ ስፋቱም ከ1.2 ሜትር እምብዛም የማይበልጥ ነበር። አሮጌዎቹ በርካሽ ይገኙ ስለነበር በ1939 የተመሠረተው የ750 ሞተር ክለብ አባላት እየገዙ ሰውነቱን አውልቀው በሻንሲው ላይ የእሽቅድምድም መኪና ይሠሩ ነበር። ተማሪው፣ ጸሐፊው፣ ሐኪሙ ሁሉ በዚህ ሥራ ተሰማርቶ ነበር።

ከእነዚህ አንዱ በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የሕንፃ አካል ምሕንድስና ይማር የነበረው ኮሊን ቻፕማን ነው። ያገለገሉ መኪኖችን እየገዛ ይሸጥ ነበር፤ በ1947 መጨረሻ መንግሥት ለግል መኪና የሚሰጠውን የቤንዚን ራሽን ሲያቋርጥ ንግዱ ወደቀና አንድ ኦስቲን ሰቨን ብቻ በእጁ ቀረ። ይህችን መኪና በ1948 በወዳጁ በሄዘል ዊልያምስ ወላጆች ቤት በስተጀርባ ባለ ጋራዥ ውስጥ ፈትቶ አዲስ ሰውነት ሠራላት። ስስ ጣውላና አሉሚኒየም ተጣብቀው ራሳቸው ጭነት እንዲሸከሙ ያደረገው የአውሮፕላን ሥራን በመከተል ነው። የመጀመሪያዋ ሎተስ ይህች ናት። በቦታ ጥበትና በገንዘብ እጦት መካከል የተወለደው ይህ ቀላልነት ኋላ የቻፕማን የንድፍ እምነት ሆኖ ቀረ፤ የሥራ ቤቱ ጥበት ብቻ ነው ይህን ያመጣው ማለት ግን ማጋነን ይሆናል፤ የሕንፃ ትምህርቱም ድርሻ አለው።

እዚህም ላይ የጎረቤትና የጓደኛ ነገር ይነሣል። ቻፕማን በ1951 በክለቡ ውድድር ተፎካካሪዎቹን ሁሉ ያስደነቀችውን ሦስተኛዋን ሎተስ የሠራው በዚያች ጠባብ ጋራዥ ሳይሆን ሁለት ወንድማማች ጓደኞቹ በቤታቸው ባደራጁት፣ መሣሪያው በተሟላ የሥራ ቤት ውስጥ ነው። የኦስቲኑ አራት ሲሊንደሮች አየርና ቤንዚን የሚስቡት በሁለት ቀዳዳዎች ብቻ ነበር፤ ቻፕማን እያንዳንዱን ቀዳዳ በውስጥ በመከፋፈል ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ መንገድ እንዲኖረው አደረገ። ጉልበቱ እጅግ ስለጨመረ የክለቡ ደንብ ተሻሽሎ ዘዴው ተከለከለ። እንዲህ ያለ ሥራ ያለ ጥሩ ሞርሳ፣ ያለ ቶርኖና ያለ በቂ ብርሃን አይሠራም። ጥር 1 ቀን 1952 የሎተስ ኩባንያ ሲቋቋም መነሻው ከሄዘል የተገኘ 25 ፓውንድ ብድር ሲሆን ቦታውም አባቱ ያስተዳድሩት ከነበረው ሆቴል በስተጀርባ የሚገኝ አሮጌ የፈረስ ጋጣ ነበር።

ኩባንያው ካደገ በኋላም የግል ጋራዡን አልረሳውም። በእንግሊዝ አገር ተሠርቶ በሚሸጥ መኪና ላይ ከባድ የግዥ ግብር ይከፈል ስለነበር፣ በክፍል በክፍል ተሽጦ ገዢው ራሱ የሚገጥመው መኪና ከዚህ ግብር ነፃ ነበር። በ1957 የወጣችው ሎተስ ሰቨን በአብዛኛው የተሸጠችው በዚህ መንገድ ነው። ሕጉ የመግጠሚያ መመሪያ አብሮ እንዳይሰጥ ስለሚከለክል የመፍቻ መመሪያ ተጽፎ ገዢው ከኋላ ወደ ፊት እያነበበ ይገጥም ነበር ተብሎ ይወራል። በ1973 የግብሩ ሥርዓት ሲለወጥ ይህ ጥቅም ቀረ። በእነዚያ ዓመታት ግን ጠባብ ጋራዥ ያላቸው ብዙ ሰዎች የገዛ እጃቸው ሥራ የሆነ መኪና ነድተው ወጥተዋል።

በኒው ዚላንድ ደቡባዊ ጫፍ በኢንቨርካርጊል ከተማ ይኖር የነበረው በርት መንሮ ከሁሉም የተለየ ነው። የእርሱ ፍቅር በመኪና ሳይሆን በ1920 በተሠራች ኢንዲያን ሞተር ብስክሌት ነበር። ኑሮውንና ሥራውን በአንዲት የቆርቆሮ ቤት ውስጥ አጣምሮ አልጋውን ከመሣሪያው አጠገብ አድርጎ ኖረ። ፒስተኖችን ራሱ ያቀልጥና ይቀርጽ ነበር፤ የሞተሩን የማገናኛ ዘንግ ከአሮጌ የብረት አክስል እየፋቀ አውጥቷል። የፈነዱትንና የተሰበሩትን ክፍሎች ለፍጥነት አምላክ የቀረበ መባ ነው ብሎ በመደርደሪያ አኑሯቸው ነበር። ከፋብሪካ ስትወጣ በሰዓት ከ90 ኪሎ ሜትር የማታልፈውን ሞተር ብስክሌት በ1967 በአሜሪካ በቦነቪል የጨው ሜዳ ላይ ወደ 296 ኪሎ ሜትር በማድረስ በክፍሏ ክብረ ወሰን አስመዘገበባት። ዕድሜው ያን ጊዜ 68 ዓመት ነበር። መንሮን ጠቅሶ «ትልቅ ጋራዥ አያስፈልግም» የሚል ይኖር ይሆናል፤ ነገር ግን አርባ ዓመት በላይ የፈጀበትን ሥራ ሌላው ሰው ለመድገም ዕድሜ ይበቃዋልን?

ትልቁ የግል ጋራዥ በእርግጥ የተወለደው በአሜሪካ ነው። በደቡብ ካሊፎርኒያ ወጣቶች ከጦርነቱ በፊት ጀምሮ አሮጌ ፎርዶችን እያቃለሉ በደረቁ የሐይቅ ወለል ላይ ይወዳደሩ ነበር፤ ማኅበራቸውም በ1937 ተቋቁሟል። ከጦርነቱ የተመለሱት ሲጨመሩ ሦስት ነገሮች በአንድ ጊዜ ተሟሉላቸው። አንደኛው በሠራዊቱ የተማሩት የብየዳና የማሽን ሙያ ነው። ሁለተኛው መሣሪያ ነው፤ ብላክ ኤንድ ዴከር በ1946 ለቤት አገልግሎት የሚሆን ርካሽ የኤሌክትሪክ ትራፓኖ አወጣ። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለው መሣሪያ ከፋብሪካ ውጭ ብዙም አይታይም ነበር። ሦስተኛው ሕንፃው ራሱ ነው።

ለጦሩ አገልግሎት በ1941 በሮድ አይላንድ የተነደፈው ኳንሴት ቤት በእንግሊዞቹ የኒሰን ቤት አምሳል የተሠራ፣ ግማሽ በርሜል የመሰለ የቆርቆሮ ሕንፃ ነው። የታወቀው ዓይነት 6.1 ሜትር በ14.6 ሜትር ሲሆን በውስጡ አንድም ምሰሶ የለበትም። በጦርነቱ ጊዜ ከ150,000 በላይ ተሠርቶ ከጦርነቱ በኋላ የተረፈው ለሕዝብ በርካሽ ተሸጠ። ምሰሶ የሌለበት እንዲህ ያለ ስፋት ተራ ሰው ያገኘው ያን ጊዜ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። ሆኖም ግድግዳው ከወለሉ ጀምሮ ስለሚጎብጥ መደርደሪያ አይቆምለትም፤ ቶርኖውም ከግድግዳው ርቆ ወደ መካከል ይመጣል፤ በወረቀት ላይ የታየው ስፋት በሥራ ላይ ይሸራረፋል። ኋላ የገበሬዎቹ ባለ ምሰሶ ጎተራ ቀጥ ባለ ግድግዳው የተመረጠበት ምክንያት ይኸው ነው።

መኪናን ወደ ላይ ማንሣት ሌላው ምዕራፍ ነው። በቀድሞው ዘመን ከመኪና በታች ለመሥራት ወለሉ ተቆፍሮ ሰው በጉድጓድ ይቆም ነበር። በሜምፊስ ከተማ መካኒክ የነበረው ፒተር ሉናቲ የጸጉር አስተካካይ ወንበር ከፍና ዝቅ ሲል አይቶ በ1925 በዘይት ግፊት የሚሠራ የመኪና ማንሻ ፈለሰፈ። ባለ ሁለት ምሰሶው ማንሻ ወደ ግል ቤት የገባው ግን ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ይህ መሣሪያ የሕንፃውን ስሌት ሁሉ ለወጠው። ቁመቱ 1.5 ሜትር የሆነ መኪና ሰው ቀጥ ብሎ እንዲቆምበት 1.8 ሜትር ቢነሣ 3.3 ሜትር ይሆናል፤ ስለዚህ ጣሪያው ቢያንስ 3.6 ሜትር ሊሆን ይገባል። ተራው የመኖሪያ ጋራዥ ከዚህ በአንድ ሜትር ያህል ያንሳል። የመኪናው ክብደት በሁለት ትንንሽ የብረት ሰሌዳዎች ላይ ስለሚያርፍና ምሰሶዎቹ ወደ ውስጥ ለመጋደም ስለሚሞክሩ ወለሉ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጥሩ ኮንክሪት መሆን ይኖርበታል፤ ብሎኖቹም ከስንጥቅና ከጠርዝ መራቅ አለባቸው። ጣሪያ በኋላ ከፍ ሊደረግ ይችላል፤ ከሕንፃው በታች ያለ ደካማ ወለል ግን የሚታየው ጭነት ሲመጣበት ነው። ገንዘብ ያነሰው ሰው ከወለሉ ላይ ሳይቆጥብ ከግድግዳው ላይ ቢቆጥብ ይሻለዋል።

የጉድጓዱ መቅረት ሌላም ጥቅም ነበረው። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወደ ዝቅተኛ ቦታ ይወርዳል፤ ጉድጓድ ውስጥ የቆመ ሰው በማይታይ ነዳጅ ተከቦ መብራት ሊያበራ ይችላል። የአሜሪካ የኤሌክትሪክ ደንብ በንግድ ጋራዦች ከወለል እስከ 46 ሴንቲ ሜትር ያለውን ቦታ በአደገኛነት የሚመድበው በዚህ ምክንያት ነው። ከጭስ ጋር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በብርድ አገር በሩን ዘግቶ ሞተር አስነሥቶ ሳይመለስ የቀረው ሰው ብዙ ነው።

የቴሌቪዥን ቀልደኛው ጄይ ሌኖ በካሊፎርኒያ በበርባንክ ከተማ ያለው ጋራዥ በግል ከተሠሩት ሁሉ ትልቁ ከሚባሉት አንዱ ነው። ከመቶ በላይ መኪኖች፣ ማሽኖች፣ ደመወዝተኛ ባለሙያዎችም አሉበት። በ1907 ለተሠራችው ዋይት የእንፋሎት መኪናው የውኃ ማሞቂያ ክፍል ከገበያ ሲጠፋ አሮጌውን በሌዘር ለክቶ በኮምፒዩተር ማተሚያ አምሳያውን ያወጣው በዚሁ ቤት ነው። በኅዳር 2022 ከ1907 ዋይት መኪና በታች ተኝቶ የተደፈነ የቤንዚን ቧንቧ ሲያጸዳ ነዳጁ በድንገት ፊቱና እጁ ላይ ተረጨ፤ በመኪናዋ ላይ ዘወትር የምትበራው ትንሽ ነበልባልም አቀጣጠለችው። ዳይምለርና ማይባህ በመስታወቱ ቤታቸው ሞተራቸውን ያስነሡበት የነበረው የጋለ ቱቦም የሚግለው እንዲህ ባለች የማታቋርጥ ነበልባል ነበር። ገንዘቡ፣ የቤቱ ስፋት፣ የመሣሪያው ዘመናዊነት ያን ጊዜ አልጠቀሙትም። በአጠገቡ የነበረው ጓደኛው ጎትቶ አወጣውና እሳቱን በራሱ ሰውነት አዳፈነው። ሌኖ በፊቱ፣ በደረቱና በእጆቹ ላይ በደረሰው ከባድ ቃጠሎ ለዘጠኝ ቀናት ሆስፒታል ተኝቶ ከታከመ በኋላ በዚያው ወር ወደ መድረኩ ተመለሰ፤ ወደ ጋራዡም እንዲሁ።